አንቱ የተባለው

የነጎድጓድ ድምፅ ነገር ሲነሣ ከተማው ሁሉ ጆሮውን ይይዛል። ሲያስነጥስ የጎረቤት መስኮት ይሰነጠቃል፤ ሲስቅ ሦስት ሰፈር አልፎ የተኛ ሕፃን ይነቃል፤ አንድ ቀን ጉሮሮውን ለመጥረግ ያህል ብቻ «እህህ» ቢል፣ ፌርማታ ላይ የቆመ አውቶቡስ ሹፌሩን ሳይጠብቅ ተነሥቶ ሄደ ይባላል። ይህን የሚለው በብዛት ራሱ ነው። ቢሆንም ግማሹን ቀንሰን፣ ከቀረው ላይ ደግሞ ግማሹን ለምቀኞቹ ብንሰጥ፣ የተረፈው ለአንድ አገር ሕዝብ ይበቃል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ የለም፤ በሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ «ነጎድጓድ» ነው የሚሉት።

ሥራው ማስፈራራት ነበር። እሁድ ከሰዓት በኋላ የሚተላለፍ «ፀጉር አቁም» የሚባል ፕሮግራም ነበረው፤ አስፈሪ ታሪኮችን ራሱ ይጽፋል፣ ራሱ ያነባል፣ ራሱ ይጮኻል። ከጎኑ የሚቆመው የድምፅ ባለሙያ ደግሞ ከጣሪያው ላይ በገመድ የተንጠለጠለ ቆርቆሮ አለው፤ መብረቅ ሲያስፈልግ ይነቀንቀዋል። አጥንት ሲሰበር ካሮት ይሰብራል፤ ሬሳ ሲወድቅ የራሰ ፎጣ ወለሉ ላይ ዷ ያደርጋል። እሱንም «ቆርቆሮ» ብለውት ቀረ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ ስቱዲዮው ስቱዲዮ አይመስልም፤ የዓለም ፍጻሜ ቤት አጥቶ እዚያ ክፍል የተከራየ ይመስላል።

የነጎድጓድ ምኞት ግን አንድ ነበር፤ አንቱ የተባለ ሰው መሆን። ሃምሳ ዓመት አልፎትም የዳቦ ቤቱ ጎረምሳ ሳይቀር «አንተ ነጎድጓድ!» ይለዋል፤ ጩኸትና ክብር አንድ ወንበር ላይ አይቀመጡምና።

«ቆይ ብቻ፣» ይለዋል ቆርቆሮን፣ «አገር ሁሉ አንቱ የሚለኝ ቀን ይመጣል።»

«አሁንስ ምን ይሉሃል?»

«አሁን "አንተ፣ ቀንስ" ነው የሚሉኝ።»

አንድ ቀን የፕሮግራም ኃላፊዋ አስጠራችው። አብራው የተቀጠረች፣ አብራው ፀጉሯ የሸበተ፣ ስትናገር ግን ሰው አንገቱን አስግጎ የሚያዳምጣት ለስላሳ ሴት ናት።

«ቁጭ በል። ቀስ ብለህ።»

«ምነው ቀስ?»

«ባለፈው ስትቀመጥ ያልከው "እፎይ" ዜና መሀል ገብቷል።» ወረቀቶቿን ሰብሰብ አደረገች። «ስማኝ፣ አድማጮችህ እየሳቁ ነው።»

«እየፈሩ ነው!»

«እየሳቁ ነው። አንዲት እናት ደውላ ምን አለችኝ መሰለህ? ልጇ ምግብ አልበላም ሲላት ያንተን ፕሮግራም ትከፍትለታለች። በሳቅ አፉን ሲከፍት ማንኪያውን ትከትለታለች።»

ነጎድጓድ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ የሚከትለት ግን አልነበረም፤ መልሶ ዘጋው።

«ሰው አሁን የሚፈልገው ዝም ያለ ፍርሃት ነው፣» አለች ኃላፊዋ። «አንድ ሰውዬ ብቻውን ይኖራል። ከሥራ ይመለሳል። ኮቱን ይሰቅላል። ማንቆርቆሪያውን ሲነካው ትኩስ ነው።»

ነጎድጓድ ጠበቀ። «እሺ?»

«በቃ።»

«ማን አፈላው?»

«አይነገርም።»

«ሬሳ የለም?»

«የለም።»

«ታዲያ ምኑ ያስፈራል? የመብራት ቆጣሪው ካልሆነ!»

አልሳቀችም። «ዛሬ ቤትህ ስትገባ ማንቆርቆሪያህን ትነካዋለህ። ያንተን ሬሳ አድማጩ ሬዲዮውን ሲያጠፋ አብሮ ያጠፋዋል። ይሄኛውን ግን ይዞት ይገባል። ሰው ለምን እንደሚወደው አትጠይቀኝ። ምናልባት ሁሉም ቤት ውስጥ አንድ ልክ ያልሆነ ነገር አለ፤ ማንም አያወራውም። ድንገት አንድ ሰው በቀስታ ሲያወራው ሲሰማ፣ ፈርቶም ቢሆን ብቻውን አለመሆኑን ያውቃል።» ከዚያ ድምፅዋን ሳትለውጥ ቀጠለች፤ «እስከሚቀጥለው እሁድ አንድ ዝም ያለ ታሪክ አምጣ። ካልሆነ ሰዓቱን ለጥርስ ሐኪሙ እሰጠዋለሁ።»

«ለማን?»

«"ድድና ጤናችን" የሚል ፕሮግራም አቅርቧል። እሱም ያስፈራል፤ ደግሞ አይጮኽም።»

ያን ሳምንት ነጎድጓድ የጻፈውን ያህል ወረቀት ዛፍ ሁሉ ተቆርጦ አይሞላውም። ጽፎ ጽፎ ለቆርቆሮ ሰጠው። «ዝም ያለ ታሪክ ይሄውልህ! ዝምታው ራሱ ጆሮ ያደነቁራል!»

ቆርቆሮ አነበበ። «ሴትዮዋ ዝም ብላ በመስኮት ታያለች።»

«አዎ!»

«ከዚያ መስኮቱ አንገቷን ይቆርጠዋል።»

«ቀስ ብሎ ነው የሚቆርጠው።»

«ባሏስ?»

«እሱ ራሱን ይሰቅላል። ግን ማንንም ሳይረብሽ።»

ቆርቆሮ ወረቀቱን አጥፎ መለሰለት። «ነጎድጓዴ፣ እኔ ጥርሴን ላስመርምር።»

እንግዲህ ያን ዕለት ነው ነጎድጓድ አንገቱን ደፍቶ ቤቱ የገባው። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው ክፍል መስኮት ሥር ታላቅ እኅቱ የልብስ ስፌት መኪናዋን ታሽከረክራለች፤ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። ሰማያዊ ጨርቅ ከወለሉ እስከ ጉልበቷ ተከምሯል፤ ክሩ ምንጣፉ ላይ፣ ጫማው ላይ፣ አንዳንዴ ሾርባው ውስጥ ይገኛል። ነጎድጓድ «እትዬ» ይላታል። ከእሷ አጠገብ ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ እናታቸው ትቀመጣለች። እናታቸው ከክረምቱ ወዲህ መርሳት ጀምራለች፤ ሳሙናውን ዳቦ ማስቀመጫው ውስጥ ትከታለች፤ ሻይ ላይ ጨው ትነሰንሳለች። ቤተሰቡ «እርጅና ነው» ብሎ ተስማምቷል። ቤተሰብ የማይፈልገውን ነገር የሚሸፍንበት ቃል አያጣም።

ነጎድጓድ በሩን ከፍቶ ሲገባ እናቱ ከወንበሯ ተነሣችለት።

እናት ለልጇ አትነሣም። ሻሿን አስተካከለች፤ ቀሚሷን ሳብ ሳብ አደረገች፤ የራሷን ወንበር በመዳፏ ጠራርጋ አሳየችው።

«ይግቡ፣ ይግቡ። እዚህ ይቀመጡ አንቱ፤ ነፋሱ አያገኝዎትም።»

ነጎድጓድ ቤቱን በሳቅ አናጋው። «እትዬ ሰማሽ? እናቴ እንኳ ዝናዬን አወቀች! ይሄው አንቱ ተባልኩ!»

የስፌት መኪናው ቆመ። እትዬ አልሳቀችም።

«ልጄን ፈልገው ነው?» አለች እናቱ። «አሁን ይመጣል፤ ሥራ ውሎ ነው። እስኪመጣ ይጫወቱ።»

ነጎድጓድ ሳቁ ከንፈሩ ላይ ደረቀ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ሳያስበውም «ልጅዎ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብሎ ጠየቃት።

ፊቷ በራ። «ጯሂ ነው። ቢኖር እኮ ቤቱን ያሞቀው ነበር! ከልጅነቱም እንዲሁ ነው፤ ጨለማ ክፍል ከገባ ይጮኻል። ሰው ፈሪ ይለዋል። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ የሚጮኸው እኔ ሰምቼ እንድመጣለት ነው።» ወደ እሱ ዘንበል ብላ ምሥጢር እንደምትነግር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እመጣለታለሁ ደግሞ።»

ያ ሰው ስንት ሺህ ነፍስ በአፉ የገደለ፣ መቃብር የፈነቀለ፣ በማይክሮፎን ደም ያጎረፈ ሰው ነው። በዕድሜው ሙሉ ግን እንደዚያች ቅጽበት ፈርቶ አያውቅም። ክፍሉ ያው ነው፤ ጨርቁ ያው ነው፤ የውጭው ፀሐይ ሳይቀር ያው ነው። የጎደለው አንድ «አንተ» ብቻ ነው።

ወዲያው ግን እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። እስክሪብቶውን ፍለጋ ነበር።

ጓዳ ሲገባ እትዬ ተከተለችው።

«ወዴት ነው?»

«ውሃ ልጠጣ።»

«በእስክሪብቶ ነው የምትጠጣው?»

«እትዬ፣ ያለችውን አልሰማሽም እንዴ? ስንት ዓመት ቆርቆሮ ሳስነቀንቅ ያላገኘሁት ነገር እኮ ነው!»

«ሰምቻለሁ። አንተ ገና ዛሬ ሰማህ። እኔን ከሰኞ ጀምሮ "አንቺ ልጅ፣ እናትሽ አትፈልግሽም ወይ? ወደ ቤትሽ አትሄጂም?" ነው የምትለኝ። አገላብጬ እያጠብኳት!»

ነጎድጓድ ቀና አለ። «እንደዚያ አለችሽ? "እናትሽ አትፈልግሽም ወይ?"» እጁ ሳያውቀው ጻፈ።

እትዬ ወረቀቱን ነጠቀችው። «ስማ። እሷን ሬዲዮ ላይ እንዳታወጣት። ሰው ጓዳውን ገበያ አውጥቶ አይቸረችርም።»

«እናቴ ትሙት አላወጣም!»

እትዬ መዳፏን አፉ ላይ ጫነችው። «በሷ አትማል!»

«የአፍ ልማድ ነው...»

«ልማድህን ለሌላ አድርገው።»

ሲምል ከልቡ ነበር። ከልቡ መሆኑ የቆየውም እስከ ቅዳሜ ድረስ ነው። ቅዳሜ የጥርስ ሐኪሙ ስቱዲዮውን ሊያይ መጣ። ጎራዳ፣ ትሑት፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰውዬ ነው። የነጎድጓድን ወንበር ወደ ላይ ወደ ታች ሞከረው፤ ከዚያ ከቦርሳው የፕላስቲክ መንጋጋ አውጥቶ የነጎድጓድ ማይክሮፎን አጠገብ አስቀመጠና «እዚህ ቢሆን ይመቸኛል» አለ። መንጋጋው ጥርሱን ሁሉ ገልጦ ነጎድጓድን አየው።

እሁድ ዕለት ነጎድጓድ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጠ። ቆርቆሮ እንደ ልማዱ የቆርቆሮውን ጠርዝ ይዞ ምልክት ጠበቀ። ነጎድጓድ በእጁ «ተወው» አለው። ከዚያም ማንም ሰምቶት በማያውቅ ድምፅ፣ ጎረቤትን ላለመቀስቀስ በሚነገርበት ድምፅ፣ «አንድ ሰው ቤቱ ገባ። እናቱ ከወንበሯ ተነሣችለት» ብሎ ጀመረ።

ሲጨርስ ቆርቆሮ የመዝጊያውን ሙዚቃ መክፈት ረሳ። አየሩ ላይ ባዶ ዝምታ ሄደ። የሌላ ፕሮግራም ቢሆን ከሥራ ያስባርር የነበረ ዝምታ ነው። ያን ዕለት ግን ከተማው በሙሉ ፀጥ አለ፤ ታክሲዎች ዳር ይዘው ቆሙ፤ ሊፋቱ የነበሩ ባልና ሚስት እጅ ለእጅ ተያያዙ፤ ቧንቧ ሳይቀር መንጠባጠቡን አቆመ። የጥርስ ሐኪሙ ራሱ አለቀሰ ነው የሚባለው። ስልኩ ግን እውነት ነው፤ እስኪመሽ ጮኸ። የደወለው ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚናገረው፤ አንዱ «አባቴም እንዲሁ» አለ፣ አንዷ «አክስቴም» አለች፣ አንዱ ደግሞ ተንፍሶ ዘጋ።

ኃላፊዋ እየሮጠች መጣች። «ሰዓቱ ያንተ ነው። በየሳምንቱ ትቀጥላለህ። እናትየዋ ከዚያ በኋላ ምን ትላለች?»

«ኧረ ብዙ ትላለች!» አለ ነጎድጓድ፤ ደረቱ ተነፋ።

ኃላፊዋ ስትወጣ ቆርቆሮ ገመዱን እየጠቀለለ ጠየቀው። «እማማ ደህና ናቸው?»

«ልብ ወለድ ነው ቆርቆሮ።»

«ልብ ወለድ መሆኑን ሰማሁ። እማማ ደህና ናቸው ወይ ነው ያልኩህ።»

ቤት ሲደርስ እትዬ ወሬውን ቀድማ ሰምታለች፤ ዩኒፎርም ልትወስድ የመጣች ደንበኛ ነግራታለች። አንገቷን ቀና አላደረገችም።

«ስም አልጠራሁም እኮ፣» አለ ነጎድጓድ። «ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ። ደግሞ በሷ ሞት ነው የማልከው።»

ከዚያ በኋላ ግን ነጎድጓድ የልጅ ቁንጮ ሆነ! በጊዜ ይገባል፤ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፤ እየላጠ፣ ፍሬውን እያወጣ ለእናቱ ይሰጣታል፤ ትራሷን ይደላድላል። ጎረቤት «እንዲህ ያለ ልጅ ይውጣልሽ» እያለ ተመራረቀበት። እትዬም ነገሩ ቢሸታት የምትይዘው አጥታ ዝም አለች፤ እሱ ከእናቱ ጋር ሲቀመጥ ብቻ ነው የሰፋችውን ልታደርስ፣ ክር ልትገዛ፣ እንደ ሰው መንገድ ላይ ልትሄድ የቻለችው። ዝምታዋን በዚያ ሸጠችው።

ችግሩ፣ እናቱ በየቀኑ አትረሳም። አንዳንድ ቀን ልክ ሲገባ «አንተ፣ ጫማህን አውልቅ፣ ጨርቁን ታቆሽሻለህ!» ትለዋለች። ይህ ለልጅ ደስታ ነው፤ ለእሁድ ፕሮግራም ግን አይሆንም። ስለዚህ ነጎድጓድ ዘዴ ፈጠረ። እትዬ ዩኒፎርም ልታደርስ ስትወጣ እሱም ይወጣል፤ የቆርቆሮን ባርኔጣ ያደርጋል፣ እናቱ የማታውቀው ኮት ይለብሳል፣ ተመልሶ የገዛ ቤቱን በር ያንኳኳል።

«ቤቶች!»

«ማነው?»

«እንግዳ ነኝ እማማ። ልጅዎን ፈልጌ ነበር።»

እናትየዋ በሩን ትከፍታለች፤ ባርኔጣውን ታያለች፤ ኮቱን ታያለች። አንዳንዴ ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሊበራ ብልጭ ይላል፤ እሱ ቶሎ ብሎ በእንግዳ ድምፅ «እንደምን ዋሉ?» ይላታል፤ ብልጭታው ይጠፋል። «ይግቡ አንቱ» ትለዋለች። ከዚያ ስለ ልጇ ታወራለታለች። ልጇ የት እንደሄደ፣ ለምን እንደቆየ፣ መንገድ ላይ ምን አግኝቶት ይሆን እያለች ትጨነቃለች። ነጎድጓድ ጉልበቱ ላይ ወረቀት ዘርግቶ ይጽፋል። አንድ ቀን «ምን ይጽፋሉ?» ብትለው «አድራሻ» አላት።

«ልጄን ካገኙት፣» አለችው፣ «ቤቱ ክፍት ነው በሉልኝ።»

እሁድ ያችን ቃል ሲያነባት አገር አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ ነጎድጓድ መንገድ ላይ ሲያልፍ ሰው መንገድ ይለቅለት ጀመር። አውቶቡስ ውስጥ ሽማግሌ ተነሣለት። የዳቦ ቤቱ ጎረምሳ እንኳ ዳቦውን በሁለት እጁ ይዞ «ይውሰዱ አንቱ፣ ትኩሱን መርጬልዎት ነው» አለው። ዘበኛው ኮፍያውን አወለቀ። ስም ያለው፣ አንቱ የተባለ ተራኪ ሆነ። ድምፁም ዝቅ አለ፤ ሰው የሚሰማውን ሰው ምን ያስጮኸዋል?

አንዲት ቅዳሜ መጣች። ነጎድጓድ ለነገው አንድ መስመር አልነበረውም፤ እናቱ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ላይ ነበረች። ኃላፊዋ ሁለት ጊዜ ደውላለች። ባርኔጣውን ደፋ፣ ኮቱን ለበሰ፣ በሩን አንኳኳ።

«ቤቶች!»

በሩ ተከፈተ። እናቱ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አንተ ጯሂ! ቁልፍህን ጣልከው እንዴ? ሰው በገዛ ቤቱ "ቤቶች" ይላል? ያ ባርኔጣስ የማን ነው፣ የዶሮ ቤት አስመስሎሃል!»

ዓይኗ እንደ ጠዋት ብርሃን ጥርት ያለ ነበር። እጇን ዘርግታ የኮቱን ኮሌታ አስተካከለችለት፤ አፍንጫው ላይ የነበረ ክር አነሣችለት። ልጇን አወቀችው። ጨርሳ፣ አሟልታ፣ ከነጥፋቱ አወቀችው።

የነጎድጓድ ፊት ወደቀ።

እዚህ ላይ የሚጋነን ነገር የለም። እናቱ ከሄደችበት ተመልሳ «አንተ» አለችው፤ እሱ ከፋው። እሷም አየችው።

«ምነው?» አለች። «ደስ አላለህም?»

ሊያቅፋት ይችል ነበር። ለዚያ አንድ እርምጃ ይበቃዋል። ግን እሁድ ነገ ነው፤ ወንበሩ ነገ ነው፤ ያ ሁሉ መንገድ የሚለቅ ሰው ነገ ጆሮውን ከፍቶ ይጠብቃል። ነጎድጓድ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘና በዚያ በለመደው የእንግዳ ድምፅ፣ ዝቅ አድርጎ፣

«እማማ፣ ልጅዎን ፈልጌ ነበር» አላት።

እናቱ የበሩን እጀታ እንደያዘች ቆመች። ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ቀስ እያለ፣ እንደሚታጠፍ ጨርቅ፣ ጫፍና ጫፉ ገጥሞ ተዘጋ። ሻሿን አስተካከለች።

«ልጄ የለም፣» አለች። «ይግቡ። ይቀመጡ አንቱ።»

ገብቶ ተቀመጠ። እስክሪብቶውን ያዘ፤ እጁ ግን እንቢ አለው። እትዬ ያን ዕለት እሱ እንደመሰለው ከቤት አልወጣችም ነበርና ከጓዳ መጣች። ሁሉን ሰምታለች። ነጎድጓድ ወደ ጓዳ ጎትቶ ወሰዳት።

«እትዬ፣ አሁን... ጠፍቷት ነው አይደል? አመማት አይደል?»

«ጠዋት ተነሥታ ሙሉ ጤነኛ ነበረች፣» አለች እትዬ። «ስሜን ጠራችኝ። "ጎረቤቶቹ ለምን በሐዘን ያዩኛል?" አለችኝ። ነገርኳት።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ማንኳኳትህንም ጭምር። የማላውቅ መሰለህ? ጎረቤት ዓይን የለውም?»

«ታዲያ ምን አለች?»

«"ሲመጣ እኔ ልክፈትለት" አለች።»

ነጎድጓድ የጓዳውን ግድግዳ ተደገፈ። «እንግዲያው አውቃ ነው? አውቃ ነው አንቱ ያለችኝ? ወይስ ያን ጊዜ እዚያው በሩ ላይ... እትዬ ንገሪኝ እንጂ!»

«እኔ ምን አውቄ። በየሳምንቱ የምትተርካት አንተ ነህ።»

ሄዶ ሊጠይቃት ፈለገ። በሩ ድረስ ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። «አወቅሽኝ ወይ?» ብሎ ቢጠይቃትና «አዎ» ብትለውስ?

እሁድ በምሳ ሰዓት ቆርቆሮ ሊወስደው መጣ። እናትየዋ ከወንበሯ ሳትነሣ ከሩቁ አወቀችው።

«አንተ ቆርቆሮ! ከሳህሳ! ሚስትህ አታበላህም?»

«ይብላኝ ለሷ፣ እማማ፤ እኔ ሆዴ ወደ ውስጥ ነው የሚያድገው።»

ሳቀች። እትዬን «አንቺ፣ ለዚህ ሰው ሻይ ስጪው» አለቻት፤ በስሟ ጠርታ። ዳቦ ያመጣውን ጎረምሳ «አንተ፣ በሩን ዝጋው» አለችው። ነጎድጓድ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጦ እያንዳንዱን «አንተ» እንደ ፍርፋሪ በዓይኑ ተከተለው። ወደ እሱ ስትዞር ግን ድምፅዋ ይለወጣል፤ ይለሰልሳል፣ ይጠነቀቃል።

«አንቱስ፣ ጨመር ያድርጉ እንጂ። ምነው አልበሉም?»

«እማዬ፣» አለ ነጎድጓድ። «እኔ ነኝ እኮ።»

«እርስዎማ እርስዎ ነዎት፣» አለች በትሕትና፤ ዳቦውን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት።

ቆርቆሮ ሻዩን ሳይጨርስ አስቀመጠው። ሰዓቱን አየ። «እንሂድ እስቲ፣ እንዳንዘገይ። ለዛሬ አለህ?»

ነበረው። ሲነጋጋ ተነሥቶ ጽፎታል፤ በሩን፣ ኮሌታውን፣ ክሩን፣ ጥያቄዋን፣ የራሱን ፊት ሳይቀር። በሕይወቱ ከጻፈው ሁሉ የበለጠ ነበር፤ ኪሱ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። አገር ሁሉ በዚያ ቀን እንደሚንቀጠቀጥ ያውቅ ነበር።

እናቱ ወደ እትዬ ጠጋ አለች። እንግዳ እንዳይሰማ የምትጠነቀቅ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ቤቱ ጠባብ ነውና ሁሉም ሰማ።

«እኚህ ሰውዬ መቼ ነው የሚሄዱት?»

እትዬ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ቀና ብላ ወንድሟን አላየችውም።

«አሁን ይሄዳሉ እማዬ፣» አለች። «እሁድ እሁድ ሥራ አላቸው።»

ነጎድጓድ ኮቱን አነሣና ከቆርቆሮ ቀድሞ ወጣ።